የሰንጠረዥ ስልትና የቋራ ቆላ

የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በሰበረበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ለንደን ላይ አንድ የጉዞ መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው ዋልተር ፕላውዴን መጽሐፉ ሲወጣ በሕይወት አልነበረም። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በ1852 ዓ.ም.፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ሲጓዝ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመድና ተቀናቃኝ በሆነው በጋረድ ሰዎች እጅ ወደቀ፤ ቆስሎ ተማረከ፤ ቤዛ ተከፍሎለት ቢለቀቅም ከቁስሉ ሳይድን ጎንደር ላይ ዐረፈ። የተወውን ጽሑፍ ሰብስቦ ለኅትመት ያበቃው ወንድሙ ነው። መጽሐፉ ስለ መሳፍንቱ ጠብ፣ ስለ ንግዱ፣ ስለ ፍርዱና ስለ ጋብቻው ብዙ ይናገራል። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን የታሪክ አንባቢ ብዙ ጊዜ ገረፍ አድርጎት የሚያልፈው ክፍል አለ፤ ይኸውም ፕላውዴን በመኳንንቱ ድንኳን ውስጥ ያየውን የሰንጠረዥ ጨዋታ ሕግ አንድ በአንድ ያሰፈረበት ነው።

ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ሰንጠረዥ ፕላውዴን ኢትዮጵያን ከመርገጡ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በቤተ መንግሥታችን የታወቀ ጨዋታ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል በአጠገባቸው ከነበረ አንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር የዘመኑ ጣልያናዊ ጸሐፊ አሌሳንድሮ ዞርዚ መዝግቧል። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ትግራይን ይገዙ የነበሩትን ራስ ወልደ ሥላሴን የጎበኘው ሄንሪ ሶልትም ራሱ ከመኳንንታቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ኋላም እቴጌ ጣይቱ ብርቱ ተጫዋች እንደነበሩ ይነገራል። እንግዲህ አራት መቶ ዓመት ያህል ነገሥታቱና መሳፍንቱ ያልተለዩት ጨዋታ ስልቱ የኖረው በብራና ላይ ሳይሆን በአፍና በዓይን ነው። በብራና ላይ የሕግ፣ የዜማ፣ የመድኃኒትና የዘመን ቈጠራ መጽሐፍ ሲጻፍ፣ ስለ ጨዋታ በዝርዝር የጻፈው አንድ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ።

ፕላውዴን የገለጸው ሰንጠረዥ ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየክበቡ ከሚታየው ቼዝ ይለያል። ገበታው ጥቁርና ነጭ ቀለም አይፈራረቅበትም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ በላዩ የተሰመሩት ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመሮች 64 ቤቶችን ይከፍላሉ። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። ፈርዝ በፋርስ ቋንቋ አማካሪ ማለት ነው፤ ፊልም ዝሆን ነው። ስሞቹ ጨዋታው በየት በኩል እንደ መጣ ይመሰክራሉ፤ ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቡ ዓለም፣ ከዚያም በቀይ ባሕር ነጋዴዎችና በደጋው ሲራራ ወደ እኛ።

አካሄዱም የጥንቱን ጠብቋል። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የአማካሪውን ቦታ ለንግሥት ሰጥተው ገበታውን ከዳር እስከ ዳር እንድትሄድበት ሲያደርጉ፣ የኢትዮጵያው ፈርዝ ግን በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ትሑት መካሪ ሆኖ ቀረ። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘልላል፤ በመካከል የቆመ ቢኖርም አይገታውም። መደቅ እግረኛው ወታደር ነው፤ ወደ ፊት አንድ ቤት ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል፣ የጠላትን መጨረሻ መስመር ሲረግጥ ፈርዝ ይሆናል። ስለዚህ በኢትዮጵያው ገበታ ላይ በአንድ ምት ሁሉን የሚያናውጥ ኃይል ጥቂት ነው። ድል የሚገኘው በመክበብ፣ በመጠበቅና በትንንሽ እርምጃ ነው።

ይህን ዝግተኛ ጨዋታ ልዩ የሚያደርገው ግን አጀማመሩ ነው። መጀመሪያው «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጠጠሮቻቸውን በፈለጉት ፍጥነትና ብዛት ያንቀሳቅሳሉ፤ ከሁለት አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይህ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው ተራ የሚገባው። ላላየው ሰው ግርግር ይመስላል። ነገር ግን ዋናው ስልት ያለው እዚህ ነው። ብልሁ ተጫዋች ዓይኑን ከራሱ ጠጠር ይልቅ በባላጋራው እጅ ላይ ይተክላል። ባላጋራው ፈረሶቹን ወደ ግራ ሲያሰልፍ እሱ ደሩን ወደዚያው ያዞራል፤ የደረደረው ሰልፍ የማያዋጣ ሆኖ ሲያገኘው አፍርሶ እንደገና ይደረድራል። መቼ መብላት እንዳለበት የሚመርጥ ሰው የጦርነቱን መጀመሪያ ሰዓት የመረጠ ነው። ከመብላቱ በፊት ያለው ዝግጅት ሁሉ ድንኳን ውስጥ እንደሚደረግ ምክር ነው።

ሌላም ልዩ ነገር አለ። በኢትዮጵያው ሰንጠረዥ ንጉሡን መውጫ ማሳጣት ብቻውን አያስመሰግንም፤ በምን እንደ ተያዘ ይጠየቃል። በደር ወይም በፈረስ የተገኘ ድል ጥበብ የጎደለው ተደርጎ ይቈጠራል። በፊልና በፈርዝ ተባብሮ መያዝ ይመሰገናል፤ በመደቅ መያዝ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ይወደሳል። ይህ የውበት ሕግ እንጂ የስሌት ሕግ አይደለም። ማሸነፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኃይለኛውን ደር ትቶ በእግረኛ ንጉሥን የሚያሳድድ ባልተገኘ ነበር። የተውኔት ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሹማምንቱ ራሳቸው በሚጫወቱት ጨዋታ ንጉሡ በተራ ወታደር እጅ ሲወድቅ አዳራሹ ያጨበጭባል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጀማሪው ከማን ተማረው? መልሱ ከተመልካች ነው። የሰንጠረዥ ጨዋታ የሁለት ሰዎች ብቻ አልነበረም። በዙሪያው የቆሙት ባለሟሎች ድምፅ ከፍ አድርገው ይመክራሉ፤ «ፈረሱን!» ይላል አንዱ፤ «ተው፣ ይበላብሃል!» ይላል ሌላው። ወጣቱ አሽከር ጠጅ ይዞ ቆሞ ይሰማል፤ ምክሩ የተሳካበትንና ያልተሳካበትን ያያል። ዓመታት ካለፉ በኋላ እሱም ከመካሪዎቹ አንዱ ይሆናል፤ ዕድል ከቀናው ደግሞ ከገበታው ፊት ይቀመጣል።

ይህ የአማርሮቹ ድንኳን ልማድ ብቻ አይደለም፤ በቅኔ ቤትም የምናየው መንገድ ነው። የቅኔ ተማሪ መምህሩ የሚነግረውን ይሰማል፤ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሌሊት ያውጠነጥናል፤ ጠዋት ለመምህሩ ያቀርባል፤ የተሳሳተው ይታረምለታል። ሲበረታ ቅኔ «ይዘርፋል»። አንዱ ጥበብ ጀማሪውን በወረራ ያስገባዋል፣ ሌላው አዋቂውን በዘረፋ ያስመሰግነዋል፤ ሁለቱም ቋንቋቸውን ከጦር ሜዳ ተበድረዋል። ልዩነቱ ቅኔ ቤት ጉባኤ አለው፤ መምህሩ ሲያልፍ ወንበሩን የሚወርስ ተተኪ አለ። ሰንጠረዥ ግን ወንበር አልነበረውም። የቆመው በመሳፍንቱ ትርፍ ጊዜ ላይ ነበር።

በሌላው ዓለም ነገሩ በተለየ መንገድ ሄዷል። በባግዳድ፣ በ9ኛው መቶ ዘመን፣ አል-አድሊ የተባለው ታላቅ ተጫዋች ስለ ሻጥራንጅ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው አስ-ሱሊም የአል-አድሊን ስሕተት እየነቀሰ የራሱን ጨመረ። በስፔን ሉሴና እ.ኤ.አ. በ1497 አሳተመ፤ ፈረንሳዊው ፊሊዶር በ1749 እግረኞቹ የጨዋታው ነፍስ መሆናቸውን አስተማረ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲያርም የስልት ዕውቀት ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ እየረዘመ ሄደ።

ከሁሉ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ የሚሆነው ግን ከቼዝ ሳይሆን ከካርታ የተገኘው ነው። ፖከር የሚባለው የአሜሪካ የካርታ ጨዋታ ለረጅም ጊዜ የቁማርተኛ ምስጢር ነበር። በተለይ «ወሰን የለሽ» የሚባለው ዓይነቱ፣ ተጫዋቹ በማናቸውም ሰዓት በፊቱ ያለውን ሁሉ በአንድ እጅ ሊያስይዝ የሚችልበት፣ ከልምድ በቀር መምህር የለውም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በላስ ቬጋስ የሚደረገውን የዓለም ውድድር ያሸነፈው የቴክሳሱ ዶይል ብራንሰን ይህን ልማድ ሰበረ። በየዘርፉ ዕውቅ የሆኑ ተጫዋቾችን ሰብስቦ፣ ወሰን የለሹን ክፍል ራሱ ጽፎ፣ በ1978 አንድ ትልቅ መጽሐፍ በራሱ ወጪ አሳተመ። ዋጋው 100 ዶላር ነበር። ትምህርቱ በአጭሩ «አጥቃ» ነው። የሚያጠቃ ሰው ሁለት የማሸነፊያ መንገድ አለው፤ ባላጋራው ፈርቶ ይሸሻል፣ ወይም ካርታው ሲገለጥ ይሸነፋል። የሚከላከል ሰው ግን ያለው ሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው። ብራንሰን ኋላ መጽሐፉ ከሰጠው ገንዘብ ያሳጣው ይበልጣል እያለ ሲያማርር ተሰምቷል፤ ስልቱን ያነበቡ ወጣቶች በራሱ ስልት ይገጥሙት ጀመርና።

ከዚያ በኋላ በ1995 የዓለም ውድድሩን ያሸነፈው ዳን ሃሪንግተን የቼዝ ማስተርና የባክጋሞን ሻምፒዮን ከሆነው ከቢል ሮበርቲ ጋር ሆኖ ከ2004 ጀምሮ በተከታታይ ያወጣቸው መጻሕፍት በተለይ ስለ ውድድር ናቸው። ውድድር ከተራ ጨዋታ የሚለየው የተበላ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ሊመለስ ባለመቻሉ ነው፤ ጠጠሩ ያለቀበት ይወጣል። ከዚህም ሌላ በየዙሩ ሁሉም በግድ የሚያስይዘው መጠን ሰዓት እየቈጠረ ይጨምራል። ስለዚህ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሳይሸነፍ ይሟሟል። ሃሪንግተን ለዚህ ቀላል ስሌት አቀረበ። ተጫዋቹ ያለውን ጠጠር አንድ ዙር ዝም ብሎ በመቀመጡ ለሚያጣው መጠን ያካፍላል። ውጤቱ ከ20 በላይ ከሆነ በትዕግሥት የፈለገውን ስልት ሊጠቀም ይችላል። ከ20 እየወረደ ሲሄድ ምርጫው ይጠብባል። ከ6 ሲያንስ ግን አንድ ብልሃት ብቻ ይቀረዋል፤ ሁሉንም አስይዞ መግጠም። ያውም መጀመሪያ ሆኖ መግጠም እንጂ ሌላው ሲገጥም መከተል አይደለም፤ ቀድሞ ያስያዘ ሰው ባላጋራውን በፍርሃት የማሸሽ ዕድል አለውና።

ይህ ስሌት ለመሳፍንት ዘመን የታሪክ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም። የዚያን ዘመን ባለጦር የሚያኖረው ስንቅ ነበር። ጭፍራው የሚከተለው የሚያበላውን ነው። ቀን በሄደ ቍጥር ጎተራ ይጎድላል፣ ከብት ያልቃል፣ ወታደር ይከዳል። ተቀምጦ የሚጠብቅ ጌታ ሳይወጋ ይፈርሳል። ይህን በአካል ያሳየው ደግሞ ከዛሬው የምዕራብ ጎንደር ቆላ የተነሣ ሰው ነው።

ቋራና መተማ በጎንደር ከፍታና በሱዳን ሜዳ መካከል የተዘረጉ የወባ አገሮች ናቸው። ጓንግ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ድንበሩን ሲሻገር አጥባራ ይሆናል። በክረምት ደገኛ ጦር ወደዚያ አይወርድም፤ ንዳዱ ከጥይት ይብሳል። መተማ የገበያ ከተማ ነበረች፤ ከደጋ ቡና፣ ሰምና ባሪያ ይወርድባታል፣ ከሱዳን በኩል ጥጥና ሸቀጥ ይመጣባታል። በ19ኛው መቶ ዘመን አካባቢውን የያዙት ተክሩሮች ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲጓዙ በዚያው የቀሩ ሰዎች ዘር ናቸው። ሼሆቻቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር ይከፍሉ ነበር። ይህን አንዳንዶች ወላዋይነት ይሉታል። በትንሽ ጠጠር በሁለት ትልልቅ ተጫዋቾች መካከል ለተቀመጠ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ስልት ማግኘት ይከብዳል።

የቋራው ካሣ ኃይሉ ያደገው በዚህ ጠረፍ ዙሪያ ነው። ፊደል የቈጠረው በገዳም ነው፤ ጨርጌ ተክለ ሃይማኖት በጦር ከተመታ በኋላ ወደ ቆላው ማኅበረ ሥላሴ እንደ ሸሸ ይተረካል። ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. የግብፅን ጦር በጠረፍ ላይ ድል አድርገው ነበር። ካሣም ያንን ድል ሊደግም በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ጭፍራውን አስከትሎ ወደ ሱዳን ዘለቀ። ዳባርቂ ላይ ምሽግ ይዞ፣ መድፍ ጠምዶ፣ በሥርዓት የተሰለፈ ጦር ጠበቀው። የካሣ ፈረሰኞች በደጋው ልማድ እየፎከሩ ገቡ፤ መድፉ አጨዳቸው።

ዳባርቂ ላይ የሆነው በብራንሰን ትምህርት ሊነበብ ይችላል። ማጥቃት ኃይሉ ባላጋራው ሊሸሽ በመቻሉ ላይ ነው። በደጋው የመሳፍንት ጦርነት ብዙው ግጥሚያ የሚያልቀው ከአንዱ ወገን ድንጋጤ በኋላ ነበር፤ መሪው ሲወድቅ ወይም አንዱ ክንፍ ሲከዳ ሌላው ይበተናል። ምሽግ ውስጥ ያለ ባለ መድፍ ግን የሚሸሽበት ምክንያት የለውም። ሽሽት የማያውቅን ጠላት በፉከራ መግጠም ካርታው ሳይገለጥ ሁሉን ማስያዝ ነው። ካሣ ይህን የተማረው በሰው ሕይወት ነው፤ ዋጋውም 100 ዶላር አልነበረም። ትምህርቱ ግን አልጠፋበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራዊትን በሥርዓት ማሠልጠንና መድፍ መያዝ እስከ መቅደላ ድረስ ያልለቀቀው ሐሳብ ሆነ። በጋፋት ሴባስቶፖልን ያስቀረጸው ይኸው የዳባርቂ ትዝታ ነው ቢባል ብዙ ከእውነት አይርቅም።

በ1844 ዓ.ም. ካሣ ከራስ ዐሊ ጋር ተጣላ፤ ግዛቱም ለጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ተሰጠበት። ወደ ቋራ ወረደ። ክረምቱን በዚያ አሳለፈ። የቆላው ንዳድ ከጠላት ጋረደው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ቆላ ለብዙ ሰው የሚበቃ ስንቅ አልነበረም። የሃሪንግተን ስሌት ቢያዝ ኖሮ ቍጥሩ ከ6 በታች ነበር። መጠበቅ መፍረስ ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ በቍጥር ከሚበልጠው የጎሹ ጦር ጋር ገጠመ። ጎሹ በጥይት ወደቁ፤ ጦራቸውም ተበተነ። እዚህ ላይ ባላጋራው የሚሸሽ ነበር፤ ዳባርቂ ላይ ያልሠራው ብልሃት ጉር አምባ ላይ ሠራ።

ከዚያ በኋላ የመጣው እንደ ውድድር አንድ በአንድ ማስወጣት ነው። በሚያዝያ 1845 ዓ.ም. በጎርጎራ አካባቢ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ተገደሉ። በሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዐሊ ድል ሆነው ሸሹ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤ ተያዙ፤ ካሣም በዚያው ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከጉር አምባ እስከ ደረስጌ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አይሞላም። በየግጥሚያው ያሸነፈው የተሸናፊውን ጠመንጃና ጭፍራ እየጨመረ ስለ ሄደ፣ በመጨረሻው ገበታ ሲቀመጥ ከሁሉ የሚበልጥ ጠጠር በእጁ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ጦርነት ጨዋታ አይደለም፤ በጉር አምባና በአይሻል የወደቀው ገበሬ መደቅ አልነበረም፤ የላስ ቬጋስ ቁማርተኛ ሲሸነፍ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ንጽጽሩ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ በመጽሐፍ ተከፋፍሎ፣ በቍጥር ተሰፍሮ የሚሸጥ ስልት በዚያ ዘመን በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ሊበስል እንደሚችል ያሳያል። ችግሩ ደግሞ እዚያው ላይ ነው፤ የበሰለው አብሮ ይቀበራል። ዐፄ ቴዎድሮስን የተኩ ነገሥታት ከዳባርቂ የወረሱት ወሬውን እንጂ ስልቱን አይደለም።

ለዚህም ምስክሩ ራሷ መተማ ናት። በጥር 1880 ዓ.ም. የማህዲስቱ አዛዥ አቡ አንጃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በሦስት ወገን ተይዘው ነበር፤ በሰሜን ጣልያን፣ በመሐል የምኒልክና የተክለ ሃይማኖት ማፈንገጥ፣ በምዕራብ ማህዲስት። ወደ መተማ መውረድን መረጡ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዛኪ ቱማል የሚመራው ጦር በመሸገበት አጥር ላይ ተገጠመ። እንደ ዳባርቂ የተመሸገ ጠላት ነበር፤ የኢትዮጵያ ጦር ግን በብዛቱና በጀግንነቱ አጥሩን ጥሶ ገባ። ድሉ በእጅ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፊት ሆነው ሲዋጉ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ አጥሩን የጣሰው ጦር ወደ ኋላ ተመለሰ። በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዘው ያፈገፈጉትን ጥቂት ሰዎች ማህዲስቶቹ በአጥባራ አጠገብ ደረሱባቸው፤ ራሳቸው ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ስለ ንጉሡ ጀግንነት ብዙ ተብሏል፤ የሚገባቸውም ነው። ነገር ግን ማንኛውም የሰንጠረዥ ተጫዋች ንጉሡን ወደ ጠላት ቤት አይሰድድም። ንጉሡ ሲያዝ ጨዋታው ያልቃልና፤ በገበታው ላይ ስንት ደርና ስንት ፈረስ ቢተርፍ አይቈጠርም። በመተማም እንዲሁ ሆነ፤ ጦሩ አልተሸነፈም፣ ጨዋታው ግን አለቀ። መሳፍንቱ በድንኳናቸው ንጉሥን በመደቅ ማስያዝን ሲያወድሱ የኖሩ፣ ያንኑ በሜዳ ላይ ከራሳቸው ንጉሥ ላይ አዩት። በጨርቁ ላይ የታወቀው በሣሩ ላይ ለምን እንደ ተረሳ መልስ መስጠት ለተውኔት ጸሐፊ ይቀላል፤ በዘመኑ አስተሳሰብ ንጉሥ ከኋላ ቆሞ ማዘዙ ከፍርሃት ይቈጠር ነበር።

የሰንጠረዡ ዕጣ ከዚህ የተሻለ አልሆነም። በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ፣ መኳንንቱ ሲበተኑ ጨዋታውም አብሮ ተበተነ። ነፃነት ሲመለስ የመጣው የአውሮፓው ቼዝ ነው፤ ንግሥቲቱ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ትሮጥበታለች፤ ወረራ የሚባል ነገር የለም፤ መጽሐፉም በየመደብሩ ይገኛል። የኢትዮጵያውን ሰንጠረዥ ለዓለም የጠበቁት የፕላውዴን ገጾች፣ እነሱን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1913 በወጣው የቼዝ ታሪኩ ውስጥ ያካተተው ሃሮልድ መሪ፣ በኋላም በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ ሰንጠረዡ ታሪክና ሕግ የጻፉት ሪቻርድ ፓንክኸርስት ናቸው። ፓንክኸርስት በዚያው ዘመን የገበጣንም ጨዋታ አጥንተው ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነት መዝግበዋል። ገበጣ ከሰንጠረዥ የሚለየው ድንኳን ባለመፈለጉ ነው። መሬት ላይ ጉድጓድ ይማሳል፣ ጠጠር ወይም ፍሬ ይለቀማል፣ ጨዋታው ይጀመራል። ለዚህም ነው ሰንጠረዥ ከሹሙ ጋር ሲጠፋ ገበጣ ከእረኛው ጋር የቈየው። ከመቶ በላይ ከሚሆኑት አጨዋወቶች ውስጥ ስንቱ በቋራና በመተማ ሕፃናት እጅ እንዳለ በየመንደሩ ሄዶ መቍጠር ለአካባቢው መምህር የአንድ ክረምት ሥራ ነው። በ2010 ዓ.ም. የምዕራብ ጎንደር ዞን ሆኖ ገንዳ ውኃን ዋና ከተማው ያደረገው ይህ አገር ዛሬ የሚታወቀው በሰሊጡና በጥጡ ነው፤ ለአጨዳ ከየአውራጃው የሚወርደው ሠራተኛም የየአገሩን ጨዋታ ይዞ ይመጣል።

ሰንጠረዡን እንደገና በጨርቅ ላይ ለመዘርጋት የሚሻ የኪነ ጥበብ ሰው ቢኖር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ አንድ ቀይ ጨርቅ፣ 32 ጠጠር፣ ዙሪያውን የሚቆሙ መካሪዎች። ሕጎቹ ተጽፈዋል። ከእነሱ መካከል በጨዋታው ማብቂያ ላይ የሚሠራ አንድ ሕግ አለ። ጠጠሩ ሁሉ አልቆበት ንጉሡ ብቻውን የቀረ እንደ ሆነ አይያዝም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይፈርሳል። ከንጉሡ ጋር አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው እንደ ሆነ ደግሞ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ባላጋራው ንጉሡን መያዝ አለበት። ካልያዘ ጨዋታው እኩል ይሆናል። በዚህ ጊዜ በዙሪያው የቆሙት ሁሉ ምክራቸውን ትተው መቍጠር ይችላሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ ሰባት።